ውሃ ያልጠጣው ጉድጓድ

«አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ» አሉ መምህር አስማረ፣ ስመኝ ጥያቄዋን ገና ሳትጨርስ።

ጥያቄዋ ስለ ወንድሟ ስለ ይበልጣል ነበር። ይበልጣል በአንድ የጥናት ቡድን ውስጥ ይሠራል። ሆስፒታሎች ካንሰር ለማከም የሚጠቀሙበት፣ ካረጀ በኋላም ጨረሩ የማይጠፋ ነገር አለ፤ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ ይሉታል። ሰው ከቀረበው ሳይታየውና ሳይሸተው ይጎዳዋል። አንዳንዱማ ሺህ ዓመት ቢቀመጥ ኃይሉ አያልቅም። የይበልጣል ቡድን ይህ ነገር የሚቀበርበት ቦታ ይፈልጋል። ዐለት እየበሱ ያያሉ፣ ከመሬት በታች ያለውን ውሃ ይለካሉ፣ ይጽፋሉ። አምስት ዓመት ሆናቸው። እስካሁን አንድም ነገር አልቀበሩም።

የሰፈሩ ልጆች ስመኝን ባገኟት ቁጥር «ወንድምሽ ዛሬም ድንጋይ ይጠብቃል?» ይሏታል። እሷም የምትመልሰው ስታጣ ጡረታ ወደ ወጡት የሳይንስ መምህሯ ቤት መጣች። መምህር አስማረ አጥሩ ሥር ተቀምጠው የዶሮ ቆጥ እየጠገኑ ነበር።

«መምህር፣ ጥልቅ ቆፍሮ መቅበር አይበቃም እንዴ?» አለቻቸው። «ለአንድ ቀን ሥራ አምስት ዓመት ምን ያስጠናል?»

መምህሩ ሁለት ሚስማር ከአፋቸው አወጡና ያን ቆፋሪ አነሡ። ከዚያም እንዲህ ብለው ነገሯት።

ያ ቆፋሪ በሚኖርበት አገር ሰው እህሉን ጎተራ ውስጥ አያስቀምጥም። መሬት ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሆነ ጉድጓድ ይቆፈራል። ግድግዳው በእሳት ደርቆ በጭድና በእበት ይለሰናል። ማሽላ ይሞላበትና አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል። ጥሩ ጉድጓድ እህሉን አራት አምስት ዓመት ያቆያል። መጥፎው ግን እርጥበት ያስገባና ማሽላውን ያሻግተዋል። ያን ጊዜ ሰዎች «ጉድጓዱ ውሃ ጠጣ» ይላሉ። ቆፋሪውም ከዚያ ወዲያ ገበያ መሃል ቀና ብሎ መሄድ ይከብደዋል።

ይህ ቆፋሪ አርባ ዓመት ሲቆፍር አንድም ጉድጓድ ውሃ ጠጥቶበት አያውቅም። ሥራውን በጨረሰ ቁጥር ክዳኑ ላይ ባለው እርጥብ ጭቃ ላይ መዳፉን ያትማል። የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ጎባጣ ስለሆነች ምልክቱ ከማንም አይምታታም። ገበያ ላይ እህል የሚሸጥ ሰው «ከማን ጉድጓድ የወጣ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። «ከጣተ ጎባጣው» ካለ ገዢው ጆንያውን ፈትቶ እንኳን አያይም። ሀብቱ ይህ ስም ነበር። ሌላ ሀብት አልነበረውም። አንዲት ቀልደኛ ሚስት ግን ነበረችው።

በዚያው መንደር አንድ ባለጸጋ ይኖር ነበር። ነቀዝ አገሩን ባስቸገረበት ዘመን ይህ ባለጸጋ ከሩቅ አንድ የእንጨት ሥር አስመጣ። ሥሩ ተቀቅሎ ውሃው የጉድጓድ ግድግዳ ላይ ሲረጭ ነቀዝ በዚያ ድርሽ አይልም። መንደሩ በሙሉ ተጠቀመበት። ሀብታሙም ተጠቀመ፣ ድሃውም ተጠቀመ፤ ማንም «እኔ የለሁበትም» ሊል አይችልም። ችግሩ ድስቱ ሥር የሚቀረው አተላ ነው። የጠላ አተላ ቢሆን ለከብት ይሰጣል። ከዚህኛው ግን አንዲት ዶሮ ጫፉን ነክታ ሦስት እርምጃ ሳትሄድ ወደቀች።

ባለጸጋው አተላውን በጋን እያደረገ ከቤቱ ጀርባ ባለች ጎጆ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረ። «ሲቆይ ይበርዳል» ይሉ ነበር። ዓመታት አለፉ፣ ሰባት ጋን ሞላ፣ አልበረደም። ከመጀመሪያው ዓመት ጋን ጥቂት ጨልፈው አይጥ በሚመላለስበት ቦታ ቢያደርጉት ልክ እንደ አዲሱ ገደለ።

ከዕለታት አንድ ቀን ባለጸጋው ሴት ልጁን ሊድር ተነሣ። ዳሱ የሚጣለው ከዚያች ጎጆ አጠገብ ነበርና ቆፋሪውን አስጠራው።

«እስከ ሐሙስ ቅበርልኝ» አለው።

«የትኛው ሐሙስ?»

«የፊታችን ነዋ! ለማሽላ ጉድጓድ ሦስት ቀን ይበቃህ የለ?»

«ለማሽላ ይበቃኛል፣ ጌታዬ። ማሽላ ሊወጣ ነው የሚገባው። ብሳሳት እርስዎ ከፍተው ያዩታል፣ ይሰድቡኛል፣ በዚያው ያበቃል። ይህ ግን እንዳይወጣ ነው የሚገባው። ስህተቴን የሚያገኘው ማን እንደሆነ አላውቅም። እኔም አልኖር፣ እርስዎም አይኖሩ።»

«እና ስንት ቀን ነው የምትፈልገው?»

«ክረምቱ ይለፍ።»

ባለጸጋው ሳቀ። ቆፋሪው አብሮት እንዳልሳቀ ሲያይ ተቆጣ። ቢሆንም እንደ እሱ የሚቆፍር ሰው አልነበረምና እሺ አለ። ቆፋሪው እስከዚያው ጎጆዋ አዲስ ሣር እንድትከደን፣ ዙሪያዋ በእሾህ እንዲታጠርና ጠባቂ እንዳይለያት አደረገ። ዳሱም ተነቅሎ የመንደሩ ሌላ ዳር ላይ ተጣለ። በሠርጉ ቀን ባለጸጋው ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ከገዛ ደጄ ያሰደደኝ ይኼ ሰውዬ ነው» እያለ ቆፋሪውን በጣቱ ያሳይ ነበር። ጮማውን ግን አልነፈገውም።

ቆፋሪው አምስት ቦታ መረጠ። በየቦታው ጠባብ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ የጡጫ ያህል ጨው በጨርቅ ቋጥሮ አስቀመጠና አፉን ደፈነ። ጨው እርጥበትን አይደብቅም። ማሽላ ችሎ ችሎ ነው የሚሻግተው፤ ጨው ግን ትንሽ እርጥበት ሲያገኘው ወዲያው ያልበዋል። ይህን የአገሩ ቆፋሪዎች ሁሉ ያውቁታል። ነገር ግን እነሱ ጨዉን የሚያቆዩት ለአንድ ሳምንት ነው። እሱ ሙሉ ክረምት ሊያቆየው ነው።

መንደሩ መሳቂያ አገኘ። ወደ ወንዝ የሚወርዱ ሴቶች መንገድ ላይ ሲያገኙት «አያ ቆፋሪ፣ ጨዉ በቀለልህ ወይ?» ይሉታል። ሚስቱ ከሁሉም ባሰች። «የእኔ ወጥ አልጫ ሆኖ ቀረ» ትላለች ለጎረቤቶቿ። «ባሌ ጨው የሚያቀምሰው መሬቱን ነው።»

ክረምቱ አለፈ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ ጉድጓዶቹም ተከፈቱ። ከመጀመሪያው የወጣው የራሰ ጨርቅ ብቻ ነው። የሁለተኛው ጨው ሟሙቶ ሟሙቶ ባቄላ አክሏል። ሦስተኛው ውስጥ ጨውም ጨርቅም የለም። ጃርት በጎን ቆፍራ ገብታ ሁለቱንም ይዛ ሄዳለች። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ቆፋሪው በደረቱ ተኝቶ የጃርቷን መንገድ በክንዱ ይለካ ነበር።

«ይህን አላሰብኩትም ነበር» አለ ሲነሣ፣ አፈሩን ከጢሙ እያራገፈ።

የአራተኛውና የአምስተኛው ጨው ግን እንደ ገባ ወጣ።

«በቃ! ከሁለቱ አንዱን ምረጥና ቅበር» አለ ባለጸጋው።

«የዘንድሮው ዝናብ ደካማ ነበር። አንድ ክረምት እንጨምር።»

ያን ቀን የሳቀ አልነበረም። አጉረመረሙ እንጂ። አንዳንዱም «ይህ ሰው ሥራው ጠፍቶት ነው» አለ። እሱ ግን ሁለቱን ጉድጓዶች መልሶ ደፈነና ወደ ቤቱ ሄደ። በዓመቱ የመጣው ክረምት ለጉድ ነበር። ወንዙ ድልድዩን ወሰደ፣ በረዶው ጥጃ ገደለ። መስከረም ላይ ሲከፈቱ አራተኛው ጉድጓድ ውስጥ ያለው ጨው ሙልጭ ብሎ ቀልጧል። አምስተኛው ጉድጓድ ነጭ ድንጋይ ያለበት ራሰ በራ ኮረብታ ላይ ነበር። ባለጸጋው እዚያ ድረስ የልጅ ልጁን አቅፎ መጣ።

«ልጄ አገባች፣ ወለደች፣ ይኸው ልጇ ጥርስ አበቀለ» አለ። «አንተ ገና ጨው ትጎረጉራለህ!»

ቆፋሪው ቋጠሮውን አውጥቶ ፈታና ዘረጋለት። «ይቅመሱት።»

ባለጸጋው ቀመሰው። «ጨው ነው።»

«ደረቅ ጨው ነው» አለ ቆፋሪው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ፈጣን ነበር። ጃርት ከምትደርስበት እጅግ ጠልቆ ቆፈረ። ግድግዳውንና ወለሉን በጥርብ ድንጋይ ከበበው። ሰባቱ ጋኖች በሸክላ አፈር ተጠቅልለው አንድ በአንድ በገመድ ወረዱ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በአፈር ተጠቀጠቀ፣ አፉ በሰፊ ድንጋይ ተከደነ። ቆፋሪው በዕድሜው ሁሉ ያወቀውን ጥበብ ክዳኑ ላይ አፈሰሰው። ጭቃውን እንደ ምጣድ አለሰለሰው፣ ዳር ዳሩን በጥሩ መስመር ከበበው። ሴቶቹ እልል አሉ። እሱም አርባ ዓመት እንዳደረገው መዳፉን በእርጥቡ ጭቃ መሃል አተመ።

በዚያ አገር የሰኔ ወር ረኀብ የሚበረታበት ነው። አንድ የቆየ ልማድም አለ፤ የራበው መንገደኛ የማንንም ጉድጓድ ከፍቶ የአንድ ቀን ቀለብ ይወስዳል፣ መልሶ ይደፍነዋል፣ ከመቀነቱ አንድ ክር መዝዞ ክዳኑ ላይ ይተዋል። ይህን ማንም ስርቆት አይለውም።

አንድ ቀን ቆፋሪው ወደ ኮረብታው ወጣ። ያን ክዳን ለማየት ሰበብ አያጣም ነበር፤ ሚስቱም «ኮረብታውን አግባውና እረፍ» ብላዋለች። ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሰዎች ሲጨቃጨቁ ሰማ። አንድ መንገደኛና ሚስቱ አህያቸውን አቁመው ክዳኑ አጠገብ ቁጢጥ ብለዋል።

«ማሽላ ነው እልሃለሁ» ትላለች ሴቲቱ።

«ጤፍ ነው። ለማሽላ እንዲህ አይለፋም።»

«ጤፍ ጉድጓድ ይገባል እንዴ፣ አንተ ሰው?»

«እጁን አላየሽም? ጣተ ጎባጣው ነው የቆፈረው። የእሱ ጉድጓድማ ድንጋይ ቢያስገቡበት እህል ሆኖ ይወጣል!» አለና ሰውየው በያዘው ዱላ የጭቃውን ዳር መፈርፈር ጀመረ።

ቆፋሪው «ተው! ተው!» እያለ ሮጠ። ዳገቱ ላይ አንድ ጫማው ወለቀ፣ ቀሪውን መንገድ በአንድ ጫማ ጨረሰው። መንገደኛው ደንግጦ ዱላውን ጣለ።

«አባቴ፣ የአንድ ቀን ቀለብ ብቻ ነው። ክሩንም መዝዘናል፣ ይኸው!»

«እህል አይደለም! መርዝ ነው!»

መንገደኛው ክዳኑ ላይ የታተመውን መዳፍ አየ። ቀጥሎም የቆፋሪውን ቀኝ እጅ አየ።

«መርዝ ከሆነ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እጅህን ለምን አተምክበት?»

ቆፋሪው ክዳኑ አጠገብ ቁጭ አለ። አምስት ቦታ አጥንቷል፣ ሁለት ክረምት ጠብቋል፣ ውሃን አስቧል፣ ጃርትንም አስቧል። የራበው ሰው መጥቶ ይህን ክዳን ሲያይ ምን ይለዋል ብሎ ግን አላሰበም። በአገሩ ቋንቋ «ኑ ብሉ» ብሎ በገዛ እጁ ጽፎበታል። መንገደኞቹን ቤቱ ወስዶ አበላቸው፣ ለስንቅ የሚሆን ማሽላም ሰጣቸው። እሱ ራሱ ግን እህል አልወረደለትም።

በማግስቱ የመንደሩን ሰው ሰብስቦ ነገሩን አስረዳ።

«በእሾህ እንጠረው» አለ አንዱ።

«ሰው የሚያጥረው የሚሳሳለትን ነው። ይልቁን ያጓጓቸዋል» አለ ቆፋሪው።

«እባብ እንሳልበት።»

«እባብማ ወርቅ ነው የሚጠብቀው ይላሉ!» አለች አንዲት አሮጊት። «እኔ ራሴ እቆፍረው ነበር።»

ሳቁ። ባለጸጋው «ጠባቂ እቀጥራለሁ» አለ።

«ለስንት ዓመት?» አለው ቆፋሪው። «የጠባቂው ልጅ ይጠብቅ፣ የልጅ ልጁም ይጠብቅ፤ ከዚያ በኋላስ?»

«እንግዲያው ምልክቱን ሁሉ አጥፍተን ሣር እናልብሰው። ማንም አያውቀውም» አለ ሌላው።

በዚህ ብዙ ሰው ተስማማ። ቆፋሪው ራሱ ለአፍታ ተስማምቶ ነበር። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ያን ኮረብታ የመረጥኩት ደረቅ ስለሆነ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ቆፋሪ ለማሽላ የሚሆን ደረቅ ቦታ ሲፈልግ የት ይመጣል? እዚያው ነዋ! ያውም ጎበዝ ከሆነ።»

ስብሰባውም በዚያው ተበተነ።

ቆፋሪው ሦስት ቀን ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። «ምንድነው የምታብሰለስለው?»

«ሰው የማይነካው አንድ ምልክት አለ» አላት።

ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገባት። የመቀለድ ፊቷም ጠፋ።

በዚያ አገር አንድ ጉድጓድ ውሃ ሲጠጣ ቆፋሪው ራሱ ጥቁር ድንጋይ ይከምርበታል። ከዚያ በኋላ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ አንድ ድንጋይ ይወረውርና የቆፋሪውን ስም ጠርቶ «የእገሌ ጉድጓድ ውሃ ጠጣ» ይላል። ይህን ሳያደርግ ካለፈ እርጥበቱ ተከትሎት ወደ ገዛ ጉድጓዱ እንደሚመጣ ያምናል። ስለዚህ ክምሩ ከዓመት ዓመት ያድጋል እንጂ አይጠፋም። በዚያ አጠገብ ዶማ የሚያነሣ ቆፋሪ የለም። ስም የሌለው ክምር ግን ተራ ድንጋይ ነው፤ ሰው ወስዶ ቤት ይሠራበታል።

«ሌላ ስም አይሆንም?» አለችው ሚስቱ።

ቆፋሪው የመንደሩን ሰው መልሶ ሰብስቦ ሐሳቡን ሲነግር ሰዉም እንደ እሷ ጠየቀ። ባለጸጋው ብድግ ብሎ «የእኔ ስም ይሁን። አተላው የእኔ ነው» አለ። ከልቡ ነበር።

«እርስዎ የሽንኩርት ጉድጓድ እንኳን ቆፍረው አያውቁም» አለው ቆፋሪው። «ማን ያምናል?»

ባለጸጋው ራሱ ሳቀ። አንድ ሰው ደግሞ ድሮ የሞተ ቆፋሪ ስም ጠራ። ቆፋሪው ግን «የሞተ ሰው እሺም እምቢም አይልም። የሰው ስም አልነካም» አለ።

በማግስቱ የመንደሩ ሰው ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ኮረብታው ወጣ። ቆፋሪው ተንበርክኮ መዳፉን ከጭቃው ላይ በዶማው ጫፍ ፋቀ። ያን የመሰለ ክዳንም ሰባበረው። ሰዎቹ ድንጋዩን ሲከምሩ እሱ ራቅ ብሎ ቆሞ ያይ ነበር። ክምሩ የሰው ቁመት ሲያክል ሁሉም ቆመ። አሁን የመጀመሪያውን ድንጋይ ወርውሮ ስሙን የሚጠራ ሰው ያስፈልጋል። ማን ይጀምር? አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ኋላ ተመለሰ። ባለጸጋው ጫማውን ያያል።

ሚስቱ ከሰው መሃል ወጣች። ድንጋይ አነሣችና ወረወረች።

«የጓንጉል ጉድጓድ ውሃ ጠጣ!» ብላ ጮኸች።

ኮረብታው አስተጋባው። እሷም እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ሰዉ ዞረች። «ጓንጉል ግን ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልጠጣም። ጠላ አምጡለት እንጂ!»

ያን ጊዜ ሰዉ ሳቀ፣ ድንጋዩም እንደ ዝናብ ወረደ። ስሙ ሲጠራ ዋለ።

ጓንጉል ያተረፈው ምንድነው? ምንም። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ «የጣተ ጎባጣው» ሲባል ገዢው ጆንያውን ፈትቶ፣ እጁን ሰድዶ፣ አሽትቶም ነበር የሚገዛው። ከሩቅ መንደር የሚጠራው ጠፋ፤ በቅርብ ብቻ እየቆፈረ ኖረ። የመንደሩ ሰዎች እውነቱን ለልጆቻቸው ይነግሩ ነበር፦ «እዚያ ያለው የሥሩ አተላ ነው። ጓንጉል አልተሳሳተም።» የሰማ በወሬው ይጠበቃል፤ ያልሰማ በክምሩ ይጠበቃል።

ዘመን አለፈ። ወንዙ አቅጣጫውን ቀየረና መንደሩ ተበተነ። ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች መጥተው ሰፈሩ። ስለ ባለጸጋውና ስለ ሥሩ የሚያውቁት አንድም ነገር የለም። የሚያልፉ ነጋዴዎች ክምሩ ላይ ድንጋይ ሲወረውሩ አይተው እነሱም ይወረውራሉ፤ ውሃ የጠጣ ጉድጓድ ምልክት መሆኑን ከነጋዴዎቹ ሰምተው ስሙንም «ጎንጎል» እያሉ ይጠራሉ። ክምሩ ቤት አክሏል። ከእነሱ መካከል አንድ ጎበዝ ቆፋሪ ነበር። ማሽላ የሚቀብርበት ቦታ ሲፈልግ ያን ኮረብታ አገኘው። ነጩን ድንጋይ በዶማው መታ መታ አደረገ። «ይህ ደረቅ ቦታ ነው፤ እንዴት ውሃ ሊጠጣ ቻለ?» አለ። ክምሩን ረጅም ሰዓት ተመለከተው። ከዚያ አንድ ድንጋይ ወረወረና ሌላ ኮረብታ ፍለጋ ሄደ።

መምህር አስማረ እዚህ ላይ ቆሙና አንዲቱን ሚስማር ወደ ቆጡ እንጨት መቱ።

«ባይሄድስ ኖሮ?» አለች ስመኝ። «ቢቆፍረውስ?»

«ጥሩ ጠየቅሽ። ለዚያ ነው ጥልቅ የሆነው፣ ለዚያ ነው በድንጋይ የተከበበው፣ ለዚያ ነው ደረቅ ቦታ የተፈለገው። አንዱ ቢከሽፍ ሌላው እንዲይዝ። ለሁሉም ማረጋገጫ የሚሰጥ ሰው ካገኘሽ ግን አትመኚው።»

ከዚያ መዶሻውን አስቀምጠው ወደ እሷ ዞሩ።

«እንግዲህ ስመኝ፣ ያ መንደር እኛ ነን። የታመመ ሰው በዚያ ጨረር ድኗል፤ የእኔም እህት ድናለች። አተላውም የእኛው ነው። ዛሬ ተቆልፎ፣ ተጠብቆ ተቀምጧል፤ ጥሩ ነው፤ ግን ጎጆ ጎጆ ነው። ወንድምሽ አሁን ጨዉን ቀብሮ ክረምት የሚጠብቀው ሰው ነው። ከአምስት ቦታ አራቱ እንደማይሆኑ ማወቅ ራሱ ሥራ ነው። ጥልቅ መቆፈር አይበቃም ወይ ላልሽኝ፣ መቆፈሩማ ቀላሉ ነው፤ መኪና ይቆፍረዋል። ከባዱ ነገር ገና ያልተወለደ፣ ቋንቋችንን የማይሰማ፣ ምናልባትም የራበው ሰው እዚያ ቆሞ ምን ያስባል ብሎ ዛሬ መጨነቅ ነው። ለማያውቁት ሰው እንዲህ መጨነቅ ጊዜ ይወስዳል።»

ስመኝ መሬት የወደቀ ሚስማር አንሥታ አቀበለቻቸው።

«ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ይበልጣል ሥራውን በሚገባ ከሠራ፣ ከሺህ ዓመት በኋላ በዚያ ቦታ ምንም አይፈጠርም። ሰው ያልፋል፣ ከብት ይግጣል፣ ሙሽራ ይሄዳል። ማንም ቆም ብሎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አይለውም፤ ከምን እንደ ዳነ አያውቅማ! ስለዚህ ማመስገን የምንችለው ዛሬ ያለነው ብቻ ነን። መቼ ነው የሚደውልላችሁ?»

«እሑድ እሑድ» አለች ስመኝ።

«እንግዲያው በመጪው እሑድ ሲደውል መቼ ትጨርሳለህ ብለሽ አትጠይቂው። ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው ብለሽ ጠይቂው፤ ምን ያህል ደስ እንደሚለው ታያለሽ።»